የአሩስ እንግዶች እና የመተማ መንገደኞች

በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አውሮፓ ውስጥ ባሉ አንዳንድ የጉዞ ወኪሎች ዘንድ አንድ የሚያምር ብሮሹር ይታደል ነበር። የሚያስተዋውቀው የሱዳንን የቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በረሃው ከባሕሩ በሚገጥምበት ቦታ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር አለ፤ ቀይ ጣሪያ ያላቸው 15 ቤቶች፣ ጥሩ ምግብ፣ ከኮራል ዓለቶች መሀል ዋና። ዋናውን የሚመራ አሠልጣኝ፣ ጀልባውን የሚነዳ ሰው፣ እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ የሚያደርስ መኪና፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል።

ብሮሹሩ አልዋሸም። የሄዱት ሰዎች ደስ ብሏቸው ነው የተመለሱት። ካርቱም ያሉ ዲፕሎማቶች፣ የሱዳን ባለሥልጣናት፣ የግብፅ ጦር አባላት፣ አልፎ ተርፎም የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ወታደሮች እዚያ ተዝናንተዋል። ሱዳን ውስጥ በሸራ የሚነዳ ቀላል ጀልባ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተትን ያስተዋወቀው ይኸው መንደር እንደሆነ ይነገራል። ከአካባቢው የተቀጠሩት አስተናጋጆችና ሾፌሮች በጊዜው ከተለመደው ደመወዝ እጥፍ ይከፈላቸው ነበር። ወጥ ቤቱም ከሌላ ሆቴል የተነጠቀ ነው።

ሠራተኞቹም እንግዶቹም ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። መንደሩን ጣሊያኖች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠርተው፣ ውሃም መብራትም መንገድም ስላልነበረው ትተውት ሄደዋል። በኋላ የስዊስ ኩባንያ ነኝ ያለ ድርጅት ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ለሦስት ዓመት በ320,000 ዶላር ተከራየው። ድርጅቱ የእስራኤል የስለላ ተቋም የሞሳድ ሽፋን ነበር። የዋና አሠልጣኞቹ ሰላዮች ናቸው። የዋና ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ለማንም የማይከፈተው ውስጡ የሬዲዮ መገናኛ ስለተደበቀ ነው። አሠልጣኞቹ አልፎ አልፎ «ካርቱም ደርሰን እንመጣለን» ብለው ይጠፋሉ። የሚሄዱት ግን ወደ ደቡብ፣ ገዳሪፍ አካባቢ ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች ነው። እዚያ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤሎች ይጠብቋቸዋል። በጭነት መኪና ተሸሽገው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሁለት ሌሊት ተጉዘው ባሕሩ ዳር ይደርሳሉ፤ ከዚያ በጎማ ጀልባ ራቅ ብላ ወደቆመች መርከብ።

የሚገርመው ሒሳቡ ነው። ሆቴሉ ሥራው እየሰመረ ሲሄድ ራሱን ቻለ፤ ከቱሪስቶቹ የተገኘው ገንዘብ በከፊል ለጭነት መኪናዎቹ ግዢና ኪራይ ዋለ። አሳ ለማየት የከፈለ ጀርመናዊ ወይም ፈረንሳዊ ሳያውቀው የአንድ የአምቦበር ቤተሰብን የመኪና ሒሳብ ከፍሏል ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ የታወቀ ነው። መጽሐፍ ተጽፎበታል፣ በ2019 በኔትፍሊክስ ፊልም ሆኖ ወጥቷል (የተቀረጸውም ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው)። ፊልሙን ያየ ሰው ታሪኩ ከባሕሩ ዳር የሚጀምር ይመስለዋል። ግን ወደ አሩስ የደረሰ ሰው ከዚያ በፊት ሌላ አስጎብኚ ነበረው፤ እሱ ብሮሹር የለውም። የተቀጠረው አምቦበር ወይም ተዳ ወይም አርማጭሆ ውስጥ በሹክሹክታ ነው፤ የሚመራውም ወደ መተማ ቆላ ነው።

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ ሰው ጭልጋንና ነጋዴ ባህርን አልፎ ወደ ገንዳ ውሃ (ሸኽዲ) ሲቃረብ አገሩም አየሩም ይለወጥበታል። ደጋው የስንዴና የጤፍ ነው፤ ቆላው የሰሊጥ፣ የማሽላ፣ የጥጥና የዕጣን። ደገኛ ወደዚህ አገር የሚወርደው ጨክኖ ነው፤ ወባው አይምርም፣ ካላዛርም አለ። እስከ ዛሬ ድረስ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ የሚወርዱት ሳሉጎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጅ ያዘለች እናትና በትር የተመረኮዘ ቄስ፣ ቀን ጫካ ተደብቀው ሌሊት ሌሊት ሲሄዱት ደግሞ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም።

መንገዱ አሮጌ ነው፤ በመሪ መሄዱም አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1698 ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ጎንደር የገባው አፄ ኢያሱ 1ኛ የላኩት ሐጂ ዓሊ የሚባል ነጋዴ እየመራው ነው። እሱ በሰላም ደረሰ፤ አገልጋዩ መስሎ አብሮት የመጣው ኢየሱሳዊ ቄስ ግን ጎንደር ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ሞተ። ከ70 ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዚሁ ቆላ ወደ አገሩ ሲመለስ ከራስ ፊል ሰዎች ጋር ደኅና ነበር። ድንበሩን አልፎ ጠዋዓ ከደረሰ በኋላ ግን የአካባቢው ሼክ ንብረቱን ፈልጎ ለሳምንታት ያዘው። ብሩስ እንደጻፈው ሼኩን ካስፈራራባቸው ነገሮች አንዱ የጨረቃ ግርዶሽ እንደሚመጣ አስቀድሞ መንገሩ ነው። እንግዳ መቀበል፣ መምራት፣ ማስከፈልና መዝረፍ በዚህ ድንበር ላይ ድንበራቸው የማይታወቅ ሙያዎች ናቸው።

ቤተ እስራኤልም የራሳቸው ትዝታ አላቸው። በ1862 አባ መሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን ሰብስበው ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ ብለው ተነሡ። በሙሴ ጊዜ እንደሆነው ቀይ ባሕር ይከፈልልናል ብለው ነበር። ጉዞው ትግራይ ላይ ቆመ፤ ብዙ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ የተረፈው ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እዚያው ቀረ። ከመቶ ዓመት በኋላ መሪ ሲቀጠር ይህ ወሬ በሽማግሌዎቹ አፍ ላይ ነበር።

አዲሱን መንገድ የከፈቱት ፈረደ አክሉም ናቸው፤ የትግራይ ቤተ እስራኤል፣ መምህር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ከገቡ በኋላ ከሞሳዱ ሰው ከዳኒ ሊሞር ጋር ተገናኙ፤ የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው የሚል መልእክትም ወደ አገር ቤት ላኩ። ከዚያ በፊት በ1977 ጥቂት ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጥተው ነበር። እስራኤል ለደርግ መሣሪያ እንደምትሸጥ ሞሼ ዳያን በየካቲት 1978 በአደባባይ በመናገራቸው ያ በር ተዘጋ። የቀረው እግር ነው።

ጎንደር በጊዜው የሻለቃ መላኩ ተፈራ አገር ናት፤ የነበረ ያውቀዋል። በ1977 ኢዲዩ መተማንና ሁመራን ይዞ፣ ደርግ መልሶ ወስዷል፤ ኢሕአፓም በቆላው ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቤተሰብ ከብቱን ሁሉ ቢሸጥ ጎረቤት ይጠረጥራል፤ ስለዚህ ብዙው እንዳለ ተጥሎ ነው የሚወጣው። መሪው ከቤተ እስራኤል ውጪ ያለ፣ ቆላውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ ድንበር ተሻግሮ የሚነግድ። ክፍያው በቅድሚያ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤን ኤዘር በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ይህን መንገድ የተጓዙ ሰዎችን አነጋግሮ በ2002 መጽሐፍ አውጥቷል። ሌሎችም ብዙዎች በየጊዜው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ስለ መሪዎቹ የሚናገሩት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ መሪ ውሃ ያለበትን ሸለቆ በጨለማ ያገኛል፣ የደከመ ሕፃን ይሸከማል፣ ወታደር ሲመጣ ቀድሞ ይሰማል። ሌላው እኩለ መንገድ ላይ ቆሞ «ጨምሩ» ይላል። ሦስተኛው ከሽፍቶች ጋር ተነጋግሮ ሰዎቹን በተባለው ቦታ ያስረክባል። እነሱም ብር ብቻ አይወስዱም፤ ልብስና ጫማ ገፍፈው ይለቃሉ። አራተኛው ሌሊት ይጠፋል። በጥማት የሞተ አለ፣ በወባ የሞተ አለ። በሰንበት መሄድ ስለማይፈቀድ አንዳንድ ቡድኖች በረሃ መሀል ቅዳሜን ተቀምጠው አሳልፈዋል። መሪው ግን በዚያ ቀን አደጋው እየቀረበ እንደሆነ ያውቃል፤ እዚያ ላይ የሚነሣውን ክርክር ማን ትክክል ነው ብሎ መፍረድ ከባድ ነው።

የመልካሙን መሪ መልካምነት በገንዘብ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አሩስ ላይ እንግዳ ቅር ካለው ለወኪሉ ይናገራል፣ ዝናው ይበላሻል፣ ሽፋኑም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አሠልጣኙ ሰላይም ቢሆን እንግዳውን ማስደሰት ግዴታው ነው። መተማ ቆላ ላይ መንገደኛው የሚከስበት ቦታ የለውም፤ መውጣቱ ራሱ ወንጀል ነው። ተመልሶም አይመጣም። ሒሳቡን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው እስከ ድንበር ለመሄድ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። ይሁንና የሄዱ፣ ያደረሱ፣ ተመልሰው ሌላ ቡድን የወሰዱ አሉ። አንድ ነገር ያግዝ ይሆናል፤ ሱዳን የደረሰ ሰው ወደ መንደሩ ወሬ ሲልክ የመሪው ስም አብሮ ይመጣል፣ ጥሩም ቢሆን ክፉ። ይህ ግን ሕፃን መሸከሙን አያስረዳም።

ድንበሩን ካለፉ በኋላ ነገሩ አላበቃም። ገዳሪፍ አጠገብ ያለው ኡም ራኩባ ካምፕ በ1984 በረሃብ የተሰደደ ሰው ሞልቶበት ነበር። ቤተ እስራኤሎች ማንነታቸውን ደብቀው ወራት ተቀመጡ፤ በየቀኑ ይቀብሩ ነበር። በመንገዱና በካምፖቹ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል።

አሩስ ላይ ያሉት መሪዎችም ሁልጊዜ አልቀናቸውም። በመጋቢት 1982 ሌሊት ሰዎችን ጀልባ ላይ ሲጭኑ የሱዳን ወታደሮች ኮንትሮባንድ መስሏቸው ተኮሱባቸው። ዳኒ ሊሞር መኮንኑ ላይ ጮኸበት፤ የሌሊት የባሕር ዋና ለቱሪስቶች እያዘጋጀን ቱሪስት ላይ ትተኩሳለህ ወይ ብሎ። መኮንኑ ይቅርታ ጠየቀ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ በባሕር ማውጣቱ አደገኛ ስለሆነ በረሃ ላይ በሚያርፉ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ተተካ። ትልቁ ጉዞ የሆነው ዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ከካርቱም በቤልጂየም አየር መንገድ አውሮፕላኖች የተካሄደ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አወጣ፤ ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ቆመ።

በሚያዝያ 1985 ኑሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ። አዲሶቹ ገዢዎች ሰላይ ፍለጋ ሲጀምሩ አሩስ ያሉት አሠልጣኞች ሌሊቱን መኪና አስነሥተው በረሃ ላይ ወደሚጠብቃቸው አውሮፕላን ሄዱ። ጠዋት እንግዶቹ ሲነሡ የአገሬው ሠራተኞች ብቻ ነበሩ፤ ሥራ አስኪያጅ የለም፣ የዋና አሠልጣኝ የለም፣ የሚነግራቸው ሰው የለም። የከፈሉበት ጉዞ እዚያ ላይ አለቀ። ቅሬታቸውን ለየትኛው ወኪል እንዳቀረቡ ማሰብ ትንሽ ያስቃል።

ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርጽል ተራራ ላይ ወደ እስራኤል ሲጓዙ ለሞቱት የኢትዮጵያ አይሁዶች መታሰቢያ ቆሟል፤ በየዓመቱ ይታሰባሉ። የዳኒ ሊሞርና የፈረደ አክሉም ስም ይታወቃል፤ ይገባቸዋልም። ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ጉብኝት አለ። ከከተማው በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቱሪስት መኪና የሚቆምባት ቦታ ናት። ምልክቱ «የፈላሻ መንደር» ይላል፤ ሰዎቹ ራሳቸው የማይወዱት ስም ነው። ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኞቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ዛሬ የሸክላ ምስሎቹን የሚሸጡት በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። ጎብኚው ሸክላውን ገዝቶ፣ አሮጌውን ምኩራብ አይቶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሰሜን ተራሮች ይቀጥላል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተማ የሚወስደው አስጎብኚ የለም። መተማ ሲባል የሚታወሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1889 የወደቁበት ጦርነት ነው።

የቆላው መሪዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰባና ሰማንያ የሆናቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ያደረሱትም የዘረፉትም። እነሱን ፈልጎ ማነጋገር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ወጪው ጥቂት ነው፣ ጊዜው ግን እየሄደ ነው። በእስራኤል ያሉት ተጓዦችም አብረው እያረጁ ነው። «እገሌ የሚባል የአርማጭሆ ሰው ነበር ያደረሰን» የሚሉ ይኖራሉ፤ ያ እገሌ ደግሞ የት እንደደረሱ ሳያውቅ ቀርቶ ይሆናል።

መንገዱ ራሱ አላረጀም። ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፍቷል። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሰልፉ አቅጣጫውን ቀይሮ በገላባት ድልድይ ወደ መተማ ዮሐንስ ገባ፤ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ ለሥራ የሄዱ ኢትዮጵያውያን። ኩመርና አውላላ የተባሉት መጠለያዎች የቆሙት በዚያው ቆላ ነው። በግንቦት 2024 እዚያ የነበሩ ስደተኞች ዘረፋና ጥቃት በዝቶብናል ብለው በብዛት ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ወደ ሊቢያ የሚያደርስ ደላላም ከመተማ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬም ክፍያው በቅድሚያ ነው።