የሐጅ መንገደኛና የጤና ወረቀቱ



ለሐጅ የተነሣ ሰው ከፓስፖርቱ ጋር የክትባት ካርድ ይይዛል። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ የምርመራ ውጤት ተጨምሮበት ነበር። ብዙዎቻችን ይህን የቢሮ ጣጣ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ወረቀቱ ረጅም ታሪክ አለው፤ የታሪኩም ሰፊ ክፍል ያለፈው በሑጃጆች መንገድ ላይ ነው።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ ገደማ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰሓቦችን አማከሩ፤ ሐሳቡ ተከፋፈለ። በመጨረሻ ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቁ፣ መመለሱም ራሱ የአላህ ቀደር መሆኑን አስረዷቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም አገር በሽሽት እንዳይወጣ ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ልብ በሉ! ትእዛዙ መንገደኛውን ብቻ ሳይሆን መንገደኛው የሚደርስበትንም ሕዝብ ይጠብቃል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። በቀድሞው የሜዲትራኒያን ባሕር ንግድ የጤና ወረቀት ለመርከብ ይጻፍ ነበር። መርከቡ የተነሣበት ወደብ ከበሽታ ነጻ መሆን አለመሆኑ ይመሰከርበታል፤ የሚያጠራጥር ከሆነ መርከቡ ቀን ተቆጥሮለት ይታገዳል።

ሐጅ የዚህ ሥርዓት ዋና ጉዳይ የሆነው ከ1865 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ኮሌራ ሒጃዝ ገብቶ ወደ 15,000 የሚገመቱ ሑጃጆች አለቁ። በሽታው ከተመላሾች ጋር ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በማግስቱ ዓመት በኢስታንቡል ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ተካሄደ። ከ1882 ጀምሮ ከህንድና ከጃቫ የሚመጡ ሑጃጆች በየመን ጠረፍ አጠገብ ባለችው በከመራን ደሴት፣ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ደግሞ በሲና በኤል ቶር ኳራንቲን ይገቡ ነበር።

እነዚህን ጣቢያዎች በሚዛን እንያቸው። ሑጃጆች ልብሳቸው ሲታጠን፣ ክፍያ ሲጠየቁና ቀናቸው ሲባክን ተማረዋል። በጉባኤዎቹም ድምፃቸው የጎላው የአውሮፓ መንግሥታት ነበሩ፤ ሑጃጁም ከሌላው መንገደኛ ተለይቶ እንደ ተጠርጣሪ ይታይ ነበር። በሌላ በኩል እውቀትም ተገኝቷል። በ1905 በኤል ቶር ከሞቱ ሑጃጆች አስከሬን የተለየው የኮሌራ ተሕዋስ ዛሬም በዚያች ስፍራ ስም ይጠራል፤ በ1961 የተነሣው ሰባተኛው የዓለም የኮሌራ ወረርሽኝ የመጣውም በዚሁ ዓይነት ነው።

ውሎ አድሮ ምስክርነቱ ከመርከብ ወደ ሰው ተሸጋገረ። በ1951 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ደንብ የፈንጣጣ፣ የኮሌራና የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት አንድ ወጥ ሆነ። በ1956 ደግሞ በሑጃጆች ላይ ብቻ የተጣለው ልዩ ደንብ እንዲሻር ተወሰነ፤ የጤና ጥበቃውም ኃላፊነት በሳዑዲ ዐረቢያ እጅ ገባ።

ወረቀቱ ሲያስፈልግ ይመጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ይቀራል። ክትባቱ የኮሌራን መዛመት እንደማያግድ ሲታወቅ በ1973 የኮሌራው ግዴታ ከዓለም አቀፉ ደንብ ወጣ። ፈንጣጣ በአገራችን በ1976፣ በሶማሊያ በ1977 ተቋጨ፤ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ካርዱም አብሮ ቀረ። በአንጻሩ በ1987 ከሐጅ ጋር የተያያዘ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በመነሣቱ የዚህ በሽታ ክትባት ለሑጃጆች ግዴታ ሆነ።

የኮሮናውም ታሪክ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በ2020 ሐጅ ያደረጉት በሳዑዲ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2021 ለተከተቡ 60,000 ነዋሪዎች ተፈቀደ። በ2022 አንድ ሚሊዮን ሰው ሲፈቀድ፣ ዕድሜው ከ65 በታች እንዲሆንና እንዲከተብ፣ ከውጭ የሚመጣውም ከመነሣቱ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ የተደረገ የፒሲአር ምርመራ ውጤት እንዲይዝ ታዘዘ። በ2023 የቁጥርና የዕድሜ ገደቡ ተነሣ።

በዚያው ጊዜ ግን ሐሰተኛ የምርመራ ወረቀት በየአገሩ ይሸጥ ነበር፤ የአውሮፓው የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖልም በ2021 መጀመሪያ ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ውድ አንባቢያን! ከታሪኩ ሁሉ ልንይዘው የሚገባን ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የጤና ወረቀት ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክርነት በዲናችን ከታላላቅ ወንጀሎች የሚቆጠር መሆኑን ታውቃላችሁ። ሳይከተብ ማኅተም የገዛ ሰው የሚያታልለው የአየር ማረፊያውን ሠራተኛ ብቻ አይደለም። በጠዋፍ ትከሻ ለትከሻ አብረውት የሚዞሩትን ሽማግሌ፣ ሲመለስም በር ላይ የሚቀበሉትን እናቱን ነው።

ስለዚህ ለሐጅ ስትነሡ ክትባቱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት፤ የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ካርዱም የእጃችሁ አማና መሆኑን አትዘንጉ።

አላህ (ሱ.ወ) ሐጃችንን መብሩር፣ ምስክርነታችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን።