ራስ አበበ አረጋይና የደጋው አርሶ አደር ውለታ

አርበኛ ያለ ስንቅ፣ ስንቅም ያለ አርሶ አደር እንደማይገኝ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ታሪክ ይመሰክራል። ከዚህ ታሪክ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ የሆኑት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው።

ራስ አበበ ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን ሲይዝ ወደ ሸዋ ገጠር ወጥተው እስከ 1933 ዓ.ም ተዋግተዋል። ይህን ያህል የዘለቁት በራሳቸው ጀግንነት ብቻ አልነበረም። የደጋው ገበሬ ከገብሱና ከባቄላው በሶና ቆሎ ሰንቆላቸዋል፣ ልጆቹንም አሰልፏል። ለዚህም ከባድ ዋጋ ከፍሏል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም በመንዝ ዘረት፣ አመፀኛ ዋሻ የተጠለሉትን ሴቶች፣ ሕፃናትና ቁስለኞች ጠላት በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷል።

ከድል በኋላ ራስ አበበ በአገረ ገዥነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። የሥልጣን ዘመናቸው ግን አከራካሪ ገጽም አለው። በገበሬ ስንቅ የተዋጉት አርበኛ በ1936 ዓ.ም መጀመሪያ የትግራይን የገበሬዎች አመፅ ለማፈን የዘመተውን የመንግሥት ጦር መርተዋል።

በ1950 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ባስነሡት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተይዘው፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። ቦታው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው።

የኅብረት ሥራ አባላት አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ዘመናዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በሕግ የፈቀደው ድንጋጌ ቁጥር 44 የወጣው እኒሁ መሪ በሊቀ መንበርነት ላይ ሳሉ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ማኅበራት በአብዛኛው የገበያ ሰብል በሚመረትባቸው አካባቢዎች ስለተወሰኑ ገብስ አምራቹ ደገኛ ብዙም አልተጠቀመባቸውም። የዛሬዎቹ ዩኒየኖች በስፋት የተደራጁት በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት ነው።

የመሪው ስም በመጽሐፍ ሰፍሯል፤ የስንቅ አቅራቢዎቹ ስም ግን በአብዛኛው በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ የቀረ ነው። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አባቶችና እናቶች እያለፉ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ሆኖ የአያቶቹን ስም በመዝገብ ቢያሰፍር፣ ከልማት ሥራው ባላነሰ ለተተኪው ትውልድ የሚተርፍ ቅርስ ይሆናል።