ከወረንጦ እስከ ጤና ጣቢያ፦ የትራኪያሲስ ሕክምና ጉዞ

በኢትዮጵያ ገጠሮች ወረንጦ እሾህ ከማውጣት ያለፈ አገልግሎት አላት። የዐይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን የሚወጋቸው ሰዎች፣ በተለይም እናቶች፣ ይህችን ትንሽ መሣሪያ ከአጠገባቸው አይለዩአትም፤ በአንገታቸው ክር ላይ የሚያንጠለጥሏትም አሉ። ራሳቸው መንቀል ሲሳናቸው ልጅ ወይም ጎረቤት ይነቅልላቸዋል። የተነቀለው ፀጉር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ከሥሩ ሳይወጣ ተሰብሮ የቀረው ደግሞ እንደ ገለባ ቁራጭ ኮርኒያውን ይፍቀዋል።

ይህ ሕክምና ከብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት በዕድሜ ይበልጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ወደ ዐይን የዞረ ፀጉርን ስለ መንቀልና ዳግም እንዳይበቅል ስለሚቀቡ መድኃኒቶች ይናገራል። ሦስት ሺሕ አምስት መቶ ዓመታት ያለፉት ይህ ዘዴ ዛሬም በሥራ ላይ መገኘቱ ከሕዝቡ እውቀት ማነስ ጋር ብቻ የሚያያዝ አይደለም። የትራኪያሲስ ሕክምና ታሪክ ገና ከጅምሩ አንድ ጥያቄ ይዞ የተጓዘ ነው፤ ፈውሱ ከሕመምተኛው ደጅ ምን ያህል ይርቃል?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትራኪያሲስ የትራኮማ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በልጅነት ዕድሜ ደጋግሞ ሲያጠቃ የላይኛው ቆብ የውስጥ ገጽ ይቆጣል፤ ቁጣው በዓመታት ብዛት ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ በኋላ ዐይንን የሚያጠፋው የሽፋሽፍቱ ፍትጊያና ይህንን ተከትሎ የሚመጣው የኮርኒያ ቁስልና ጠባሳ ነው። ሕጻናትን የምትንከባከበው እናት ከልጆቿ ደጋግማ ስለምትያዝ በሴቶች ላይ የሚታየው ትራኪያሲስ ከወንዶች ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ትራኮማ ሁልጊዜ የድሃ አገር በሽታ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ናፖሊዮን በ1798 በግብፅ ላይ ከዘመተ በኋላ ተመላሽ ወታደሮች የዐይን በሽታ ይዘው ገቡ፤ በሽታውም በአውሮፓ ጦር ሰፈሮችና ከተሞች ተዛመተ። ለንደን ውስጥ በ1805 የተከፈተውና ከጊዜ በኋላ ሙርፊልድስ የተባለው የዐይን ሆስፒታል የዚያ ወረርሽኝ ዘመን ልጅ ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት የሚደርሱ ስደተኞች የዐይናቸው ቆብ እየተገለበጠ ይመረመር ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበትም ወደ መጣበት ይመለስ ነበር።

የበሽታው መንሥኤ ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በ1907 ሃልበርሽቴተርና ፎን ፕሮቫዜክ ጃቫ ውስጥ ባደረጉት ምርምር በኮንጀንክቲቫ ሕዋሳት ውስጥ ልዩ አካላትን አዩ። ቻይናዊው ሳይንቲስት ታንግ ፌይፋን እና ባልደረቦቹ ተሕዋሲውን በዶሮ እንቁላል ውስጥ ማሳደጋቸውን ለዓለም ያስታወቁት ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1957 ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያን ጊዜ ትራኮማ ከአብዛኛው የምዕራብ አውሮፓ ጠፍቶ ወይም ሊጠፋ ተቃርቦ እንደ ነበር ነው። በሽታውን በዋናነት ያስወጣው ንጹሕ ውኃ፣ ሰፊ መኖሪያና የተሻሻለ ኑሮ ነበር።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የዐይን ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ፣ በተለይም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ተሰባስቦ ቆይቷል። የዐይን ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በመዲናይቱ ይሠሩ ነበር። በሽታው ግን በገጠር ነበር። በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ይህንን ክፍተት በቁጥር አሳየ። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ለዕውርነት ምክንያት ከሆኑት በሽታዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዐይን ሞራ ሲሆን፣ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ በመሆን ሁለተኛውን ቦታ ይዟል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕጻናት 40 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል አሐዙ 62.6 በመቶ ደርሷል። ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ 3.1 በመቶው ትራኪያሲስ ነበረባቸው፤ ይህም በአገር አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ማለት ነው። ይህን ያህል ሕመምተኛ በጥቂት ስፔሻሊስቶች እጅ ማከም የማይታሰብ ነበር።

መውጫው መንገድ በሁለት በኩል ተዘጋጀ። በመጀመሪያ ቀዶ ሕክምናው ቀለለ። በ1992 የታተመ የኦማን ጥናት የተለያዩ ዘዴዎችን አነጻጽሮ፣ ቆቡን ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከውጭ እስከ ውስጥ ቆርጦ ጠርዙን ወደ ውጭ የሚያዞረው ዘዴ የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳየ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም የአሠራር መመሪያውን አሳተመ። ዘዴው በአካባቢ ማደንዘዣ፣ በጥቂት መሣሪያዎችና በጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ቀጥሎም ምላጩ እጅ ለወጠ። ነርሶችና ሌሎች መካከለኛ ባለሙያዎች የተቀናጀ የዐይን ጤና ሠራተኛ ተብለው ሠለጠኑ። ነርስ የዐይን ቆብ ሊቀድ ይችላልን? የሚለው ጥርጣሬ በወቅቱ ተገቢ ነበር። በ2004 የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት ሕመምተኞችን በዕጣ ለዐይን ሐኪሞችና ለእነዚህ ሠራተኞች አከፋፍሎ ውጤታቸውን ሲያነጻጽር ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ይህ ድል ግን የራሱን ፈተና ይዞ መጣ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፀጉሩ ተመልሶ ብሌኑን መንካቱ አልቀረም። ይህንንም ለመፍታት ከተደረጉት ምርምሮች ብዙዎቹ በዚሁ አገር ተካሂደዋል። በ2006 የታተመው የወላይታ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አዚትሮማይሲን፣ ለስድስት ሳምንት ከሚቀባ ቴትራሳይክሊን ይልቅ የበሽታውን መመለስ በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። በ2011 በአማራ ክልል የሚሟሟ ክርና የሐር ክር ተነጻጽረው በመመለስ መጠን ልዩነት አልታየባቸውም፤ ሕመምተኛዋ ክር ለማስወጣት ብቻ ሩቅ መንገድ መመለስ አያስፈልጋትም ማለት ነው። በ2016 ደግሞ አንድ ሺሕ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ሁለት ዘዴዎችን አወዳደረ። ከውስጥ በኩል ብቻ ተቆርጦ ቆዳው ሳይነካ የሚሠራው ዘዴ በዓመቱ 13 በመቶ፣ ሙሉውን ቆብ የሚቆርጠው የቀድሞው ዘዴ ደግሞ 22 በመቶ የመመለስ መጠን አሳዩ።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ በዚያው በ2011 ወረንጦዋ ራሷ ለፈተና መቅረቧ ነው። ብሌናቸውን የሚነካው ሽፋሽፍት ከስድስት በታች የሆነ 1300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ ጥራት ያለው ወረንጦ ተሰጥቶ እንዴት እንደሚነቀል እነርሱና የሚረዷቸው ሰዎች ተማሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው የባሰባቸው ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና የተሸጋገሩት በነቃዮቹ በኩል 13.2 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል 2.2 በመቶ ነበሩ። በእይታና በኮርኒያ ጠባሳ ረገድ ግን ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና የተሻለ ቢሆንም፣ በመጠነኛ ደረጃ ላይ ላለችና ቀዶ ሕክምናን እምቢ ላለች ወይም ላላገኘች ሴት በሚገባ የተነቀለ ፀጉር ከምንም ይሻላል። የጥንቱ ሐኪም በከንቱ አልደከመም ነበር።

ቢላዋም ሆነ ወረንጦ የሚመጡት ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናን፣ አንቲባዮቲክን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ መሻሻልን ያጣመረው ስልት ተቀባይነት ካገኘ ወዲህ አዚትሮማይሲን ለብዙ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ታድሏል። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገው ጥናት በ2012 እንዳሳየው፣ በዓመት አንድ ጊዜ በታደለባቸው መንደሮች የሕጻናቱ ኢንፌክሽን በ42 ወራት ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ ወርዷል። ይሁን እንጂ እደላው በተቋረጠባቸው መንደሮች ኢንፌክሽኑ ተመልሶ ማንሰራራቱ ከጊዜ በኋላ ታይቷል። ውኃ ከሩቅ በሚቀዳበትና መጸዳጃ በሌለበት ቀዬ መድኃኒቱ ጊዜ ይገዛል እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። ዓለም ትራኮማን በ2020 ለማጥፋት የያዘው ቀጠሮም አልፎ ወደ 2030 ተሸጋግሯል፤ ኢትዮጵያም ከፍተኛውን ሸክም ከተሸከሙት አገሮች ግንባር ቀደሟ ሆና ቀጥላለች።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የሚተርፈው ትምህርት ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ለሌላ ሕመም የመጣችን እናት የዐይን ቆብ ገልብጦ ማየት፣ ብሌኗን የሚነካውን ሽፋሽፍት መቁጠር፣ የቀዶ ሕክምናውን ዘዴና የሠራውን ሰው ስም በመዝገብ ማስፈር፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ጠርቶ ማየት ይበቃል። ክትትሉ ከተዘነጋ የራሱን ውጤት ሳያይ የሚቀድ ባለሙያ ስሕተቱን በሚቀጥለው ሕመምተኛ ላይ ይደግማል። ፀጉሩ ተመልሶ የበቀለባት ሴት በበኩሏ ጎረቤቶቿን ከቀዶ ሕክምና የምታስቀር ምስክር ትሆናለች።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፤ «በወረንጦ ይነቅላሉ ወይ?» አዎን የምትል ሴት ሕመሟን ለይታ፣ የምትችለውን ሕክምና ራሷ ጀምራ ነው የመጣችው። የቀረው የባለሙያው ድርሻ ነው።