ከስልክ መስመር እስከ ኮንቴይነር፦ የሲግናል አጭር ታሪክ

በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሥራውን እንዲያቆም የሚነገረው እንዴት ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በዚያች ቅጽበት ሒሳብ በመመዝገብ ላይ የነበረ እንደሆነ፣ መዝገቡን ሳይዘጋ በድንገት መቋረጡ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይሆንም። ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ለዚህ የተሰጠው መልስ ሲግናል ነው፤ ይኸውም ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚያደርስለት፣ ከአንድ ቍጥር በቀር ብዙም የማይሸከም አጭር መልእክት ነው።

ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። በዚያ ዘመን ከኮምፒዩተር ጋር በስልክ መስመር መገናኘት የተለመደ ስለነበረ፣ መስመሩ ሲቋረጥ በዚያ በኩል የተጀመሩት ፕሮግራሞች ባለቤት አልባ ሆነው እንዳይቀሩ ሲግሃፕ የተባለ ሲግናል ይላክላቸው ነበር። ስሙ ስልክ ከመዝጋት የመጣ ነው፤ ስልኩ ቀርቶ ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ግን ሌሎች ሁለት ናቸው። ሲግተርም ጥያቄ ነው፤ ፕሮግራሙ ሰምቶ፣ መዝገቡን ዘግቶና ደንበኞቹን አሰናብቶ ሊወጣ ይችላል። ሲግኪል ይግባኝ የለውም፤ ፕሮግራሙ ሊይዘውም ችላ ሊለውም አይችልም።

በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም በዚህ ረገድ አንድ ስውር ጉድለት ነበረበት። ፕሮግራሙ ሲግናል ለመያዝ ያደረገው ዝግጅት የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለነበረ፣ ዝግጅቱን ከማደሱ በፊት ሁለተኛው ሲግናል ከደረሰ ፕሮግራሙ ሊሞት ይችል ነበር። ይህን የመሰለ ጉድለት ሺህ ጊዜ ተሞክሮ ላይታይ ይችላል። በ1983 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ 4.2 ቢኤስዲ አስተካከለው፤ በ1988ም ፖዚክስ የተባለው ደንብ አጸናው።

የሚገርመው፣ የኮንቴይነር የሩቅ አባት የሆነው ችሩት የተባለው ጥሪ የተወለደውም በዚያው በሰባተኛው እትም መሆኑ ነው። ችሩት የሚከልለው ፋይሎችን ብቻ ነበር። የፕሮሰስ ቍጥሮችን መከለል ወደ ሊኑክስ የገባው በ2008 በወጣው 2.6.24 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በክልሉ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ፕሮግራም ቍጥር 1 ተብሎ ይጠራል። በ2013 ሰሎሞን ሃይክስ ዶከርን ለሕዝብ ሲያሳይም ይኸው አሠራር በየሠራተኛው እጅ ገባ።

ችግሩ የተነሣው ከዚህ ቍጥር ነው። በዩኒክስ ልማድ ቍጥር 1 የኢኒት ቦታ ነው። ኢኒት ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ፕሮሰሶች ይረከባል፤ ሞተው ስማቸው ከመዝገብ ያልተሰረዘውንም ያሰናብታል። እርሱ ከሞተ ሥርዓቱ ሁሉ ስለሚወድቅ፣ ከርነሉ ኢኒት ሊይዘው ያልተዘጋጀበትን ሲግናል አያደርስለትም። በኮንቴይነር ውስጥ ግን ተራ ፕሮግራም በዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መብቱን ወረሰ፣ ግዴታውን አላወቀም። ለሲግተርም ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ውጭ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይሞት ነበር፤ በኮንቴይነር ውስጥ ቍጥር 1 ሲሆን ግን ጥያቄውን እንዳልሰማ ይቆያል። ዶከርም 10 ሴኮንድ ጠብቆ ሲግኪልን ይልካል። ይህ የ10 ሴኮንድ ትዕግሥት በበጎ አሳብ የተደረገ ቢሆንም ጉድለቱን ሸፍኖታል፤ ኮንቴይነሩ በመጨረሻ ስለሚቆም፣ ሠራተኛው እንደታዘዘው ቆመ ብሎ ያምናልና።

ስለሆነም ፈተናው መጠየቅ ያለበት ቆመ ወይስ አልቆመም ሳይሆን፣ እንዴት ቆመ የሚለውን ነው። የማቆም ትእዛዝ ተሰጥቶ ሰዓቱ ይለካል፤ ፕሮግራሙ ሲወጣ የተወው ቍጥርም ይታያል። 137 ከሆነ፣ ማለትም 128 ላይ የሲግኪል ቍጥር የሆነው 9 ሲደመር፣ ፕሮግራሙ በግድ ተገድሏል። የሚሞሪ እጥረትም ይህንኑ ቍጥር ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሰዓቱና ቍጥሩ አብረው መነበብ አለባቸው። ከዚህም በላይ ከርነሉ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የትኞቹን ሲግናሎች ለመያዝ እንደተዘጋጀ ፕሮክ በተባለው ማውጫ ሥር ስለሚያስነብብ፣ ፈታኙ ፕሮግራሙን ሳይገድል ዝግጅቱን አስቀድሞ ሊያይ ይችላል።

ፈታኙን ይበልጥ የሚያሳስተው ሼል ነው። ፕሮግራሙ በሼል በኩል ሲጀመር አንዳንዱ ሼል ቦታውን ለፕሮግራሙ ለቆ ይሄዳል፤ ሌላው ግን ቍጥር 1 ሆኖ ይቀመጥና የመጣለትን ሲግተርም ለልጁ አያስተላልፍም። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፕሮግራም፣ በአንዱ ትእዛዝ፣ በአንድ መሠረት ላይ ሲያልፍ በሌላው ይወድቃል። ፈተናው መደረግ ያለበት በመጨረሻ ለሥራ በሚሰማራው ኮንቴይነር ላይ እንጂ በሚመስለው ላይ አይደለም።

መፍትሔ ሆነው የመጡት ቲኒና ደምብ ኢኒት የተባሉ፣ የኢኒትን ግዴታ ብቻ የሚወጡ እጅግ ትናንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ቲኒ በ2017 ከወጣው ዶከር 1.13 ጋር ተጠቃሎ ቀረበ፤ ነገር ግን በሥራ ላይ የሚውለው ሠራተኛው ኢኒት የሚለውን ምርጫ ሲጨምር ብቻ ነው።