ሐኪሞች ማዳመጥን መቼ ተማሩ?

አያታችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል ሄዳችኋል እንበል። ዘንድሮ የተመረቀች ሐኪም «እማማ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ትላቸዋለች። አያታችሁ «ወገቤን ነው ልጄ፣ ደግሞ ሰሞኑን...» ብለው ሲጀምሩ «ወገብዎን? ስንት ጊዜ ሆነዎት?» የሚል ጥያቄ ይቀድማቸዋል። «ደግሞ ሰሞኑን» ያሉት ነገር እዚያው ቀረ። ምናልባት የመጡበት ዋናው ጉዳይ እሱ ነበር።

ሐኪሟ ክፉ ሆና ነው? አይደለም። ከታካሚ ጋር መነጋገር የጠባይ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ጉዳይ መሆኑን ለመረዳት የሕክምናው ዓለም ራሱ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መደበቅ እንደ ደግነት ሲቆጠር

በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም 219 ሐኪሞችን አንድ ከባድ ነገር ጠየቀ፤ ታካሚያችሁ ካንሰር እንዳለበት ብታውቁ ትነግሩታላችሁ? 90 በመቶ ያህሉ አለመንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ተስፋውን እንዳያጣ ብለው ነው።

በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሜሪካ ሐኪሞች እንደገና ቀረበ። በዚህ ጊዜ 97 በመቶው መንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በ18 ዓመት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው! የካንሰር ሕክምናው ተሻሽሏል፤ ታካሚ ስለ ራሱ አካል የማወቅ መብት አለው የሚለው ሐሳብም ሥር ሰዷል።

ግን አንድ ችግር ቀረ። «ይነገረው» ማለት ቀላል ነው። እንዴት ይነገረው? ከመናገር በፊትስ እንዴት ይደመጥ?

18 ሰከንድ

በ1984 ሃዋርድ ቤክማን እና ሪቻርድ ፍራንክል የታተመ ጥናታቸውን ይዘው መጡ። ሐኪምና ታካሚ 74 ጊዜ ሲገናኙ የተቀዳውን ድምፅ አንድ በአንድ መርምረው ነበር። ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ እስኪጨርስ የተጠበቀው 17 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የሚያቋርጠውም በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ነበር።

18 ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት። ሰላምታውና «ወገቤን ነው» የሚለው ይበቃዋል። ሰው ደግሞ ዋናውን ጉዳይ ሁልጊዜ አስቀድሞ አይናገርም። አሳፋሪውን ወይም አስፈሪውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል።

የሚተውን ታካሚ

ታዲያ ይህ ነገር ትምህርት ቤት ይሰጣል? ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ሞክሮ ነበር። ጤነኛ ሰው አሠልጥኖ የሕመምተኛን ቦታ እንዲይዝ አደረገ። ተማሪው ይጠይቃል፣ ይመረምራል፤ በመጨረሻ ያ «ታካሚ» ተማሪው እንዴት እንደያዘው ይናገራል። ብዙዎች ቀልድ መስሏቸው ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ ነው።

በ1975 ደግሞ ስኮትላንድ፣ ዳንዲ ውስጥ ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ አዲስ ዓይነት ፈተና ይፋ አደረጉ። ተፈታኙ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሥራ በተግባር ያሳያል። እንዲህ ሲሆን አነጋገርም ነጥብ የሚሰጠው ነገር መሆን ቻለ።

ዓመት ብቻውን አያስተምርም

«ሥራ ላይ ሲቆዩ ይለምዱታል» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ማንቸስተር የነበረው ፒተር ማጓየር መልስ አለው። አንዳንድ የሕክምና ተማሪዎች ታካሚ ሲያነጋግሩ በቪዲዮ ተቀርፀው ስሕተታቸውን እያዩ ተማሩ። ሌሎቹ በተለመደው መንገድ ቀጠሉ። ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ 36ቱ፣ አሁን ወጣት ሐኪሞች ሆነው፣ እንደገና ተፈተኑ። ውጤቱ በ1986 ታተመ። ሁሉም ተሻሽለዋል፤ ግን በቪዲዮ የተማሩት አሁንም ይበልጡ ነበር።

የሚገርመው ሌላው ግኝት ነው። ለታካሚ በሽታውንና መድኃኒቱን በማስረዳት ረገድ አብዛኞቹ ደካማ ነበሩ፤ በቪዲዮ የተማሩትም ሳይቀሩ። ለምን? የሠለጠኑት በመጠየቅ እንጂ በማስረዳት አልነበረምና። ያልተማሩትን ዓመት አላስተማራቸውም።

ወደ እኛ ስንመጣ

በ2000 አሜሪካ ውስጥ ክፉ ዜና ለመንገር የሚረዳ ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ታተመ። ቦታውን አዘጋጅ፣ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እይ፣ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አብራችሁ አቅዱ ይላል።

የእኛን መርዶ አያስታውሳችሁም? ዘመድ ይሰባሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እያለ አይነገረውም። ይህን ጥንቃቄ ከቤታችን እናውቀዋለን። ልዩነቱ ሐኪም የሚናገረው ለማያውቀው ሰው መሆኑ ነው፤ ውጭ ደግሞ ወረፋ አለ።

በአገራችን ሌላም ሸክም አለ። የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። አዲሷ ሐኪም ለዓመታት በእንግሊዝኛ ያጠናችውን ለአያታችሁ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ማስረዳት አለባት። ይህም ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል።

ሐኪም የመሆን ሐሳብ ካላችሁ ልምምዱን ዛሬ ማታ ጀምሩት። አንድ ሰው ሲያወራችሁ እስኪጨርስ አታቋርጡት። ሆስፒታል ስትሄዱ ደግሞ አያታችሁን ጎንበስ ብላችሁ «ቅድም ደግሞ ሰሞኑን ያሉት ምን ነበር?» በሏቸው፤ ሐኪሟ እየሰማች።