ጥንድ ከዋክብትና የትንሿ ቴሌስኮፕ ታሪክ

የሳይንስ ታሪክ በግቢያችን ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የትላልቅ መሣሪያዎች ታሪክ ሆኖ ነው የሚወራው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ያለው ያያል፤ የሌለው ደግሞ ያየውን ሰው መጽሐፍ ያነባል፤ አለቀ። ስለዚህ እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ስለ ሰማይ አስተያየት ልንሰጥ ብንነሣ «እናንተን ደግሞ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ?» መባላችን አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። ምስክር አድርገን የምናቀርበውም የጥንድ ከዋክብትን ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ጥንድ ኮከብ ምንድን ነው? በዓይን ሲያዩት አንድ፣ በቴሌስኮፕ ሲመለከቱት ሁለት የሚሆን ኮከብ ነው። ሁለትነቱ በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንደኛው የአጋጣሚ ነው። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆነው ሳለ ከእኛ ሲታዩ በአንድ አቅጣጫ ስለዋሉ ብቻ ጎረቤት ይመስላሉ። ሁለተኛው የእውነት ነው። ሁለቱ በስበት ኃይል ተሳስረው በመካከላቸው ባለ አንድ የጋራ ነጥብ ዙሪያ ይዞራሉ። በቴሌስኮፕ ውስጥ ግን ሁለቱ ዓይነቶች አንድ ናቸው፤ ሁለት የብርሃን ነጠብጣቦች፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሌሊት ብቻ ተመልክቶ የሚለያቸው ዓይን አልተፈጠረም። የታሪካችን ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቴሌስኮፕ በታወቀ ገና በ10 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም በ1617፣ የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ በትልቁ ድብ ጅራት ላይ ያለችው ሚዛር ጥንድ መሆኗን ለመምህሩ በደብዳቤ አስታወቀ። ጋሊሌዮም ተመልክቶ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት 15 ሴኮንድ ብሎ መዘገበ። ሴኮንድ ያልነው የጊዜውን ሳይሆን የማዕዘኑን ነው፤ አንድ ዲግሪ ለ3,600 ሲካፈል አንዱ እጅ ማለት ነው። ስድስት ኪሎ ቆመን መስቀል አደባባይ ላይ የተያዘች 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሳንቲም ብንመለከት፣ የአንድ ሴኮንድ ያህል ትሆናለች። ዛሬ የሚዛር ርቀት ከ14 ሴኮንድ ትንሽ ይበልጣል። በዚያ ደካማ መሣሪያ እንዲህ መጠጋቱ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የሚዛርን ጥንድነት መጀመሪያ ያየው በ1650 ሪቾሊ ነው ሲሉ ኖረዋል። የጋሊሌዮ ማስታወሻ ግን በመዝገብ ቤት ተኝቶ ነበር።

ጋሊሌዮ የፈለገው ጥንድ ኮከብ አልነበረም። የፈለገው ምድር በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ ከሆነ፣ ምድር ስትዞር በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዓመት ውስጥ መጥበብና መስፋት አለበት ብሎ አሰበ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ የመረጠው ኮከብ ግን ለዚህ አልሆነም። የሚዛር ሁለቱ ከዋክብት በርቀትም ጎረቤታሞች ናቸውና።

በ1767 ጆን ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዘው። ቴሌስኮፑን ትቶ ሒሳብ ሠራ። ከዋክብት በሰማይ ላይ እንዲሁ የተበተኑ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ያህል ተጠጋግተው ባልተገኙ ነበር አለ። ሰባቱ እኅትማማች የሚባሉት ከዋክብት በአጋጣሚ እንዲያ የመሰብሰባቸው ዕድል ከ500,000 አንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሰላ። ስለዚህ ብዙዎቹ ጥንዶች የእውነት ጥንዶች መሆን አለባቸው። ግን ስሌት ስሌት ነው፤ ሲዞሩ ያየ ሰው ገና አልነበረም።

የማየቱ ዕጣ የወደቀው በሙዚቀኛው በዊልያም ኸርሸል ላይ ነው። ኸርሸል በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሙዚቃ እያስተማረ የሚኖር ሰው ሲሆን፣ 6.2 ኢንች ስፋት ያለውን የቴሌስኮፕ መስተዋት በገዛ እጁ ሞርዶ አዘጋጀ። እኅቱ ካሮላይን በመመዝገብና በማስላት ትረዳው ነበር። በ1782 የ269 ጥንድ ከዋክብትን ዝርዝር አወጣ። የእሱም ዓላማ እንደ ጋሊሌዮ ያለ ነበር፤ የሚፈልገውን እሱም አላገኘም። ነገር ግን ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ድሮዎቹ ከዋክብት ተመልሶ ቢለካ፣ ብዙዎቹ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል!

ከእነዚህ አንዱ፣ በእኛ ዐውደ ነገሥት ገውዝ በሚባለው የመንትዮች ክፍል ያለው ካስተር ነው። ኸርሸል የራሱ መዝገብ ስላልበቃው ከሱ በፊት የነበረ ማስረጃ ፈለገ። የንጉሡ የሥነ ፈለክ ሊቅ ማስክሊን በእጁ የነበረ አንድ አጭር ማስታወሻ አካፈለው። በ1759 ገደማ ጄምስ ብራድሌይ የተመለከተውን የያዘ ሲሆን፣ ካስተርን የሚሠሩት ሁለቱ ከዋክብት የቆሙበት መስመር ከካስተር ወደ ፖለክስ ከሚሄደው መስመር ጋር ትይዩ መሆኑንና ለውጥም እንደማይታይ የሚገልጽ ነበር። ኸርሸል ይህን ከራሱ ልኬት ጋር ሲያስተያየው መስመሩ ከ40 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደ 45 ዲግሪ ያህል ዞሯል። «ለውጥ የለም» ብሎ የተጻፈ ወረቀት የለውጥ ዋና ምስክር ሆነ ማለት ነው። በ1803 ኸርሸል ጥናቱን ሲያወጣ ለአንድ ዙር 342 ዓመት ገመተ፤ ዛሬ የሚሰጠው ግምት ከ440 ዓመት ይበልጣል። ቁጥሩ ቢሳሳትም ዋናው ነገር ተረጋገጠ። ከዚያ በፊት ስበት ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ እንደሚሠራ በዓይን ያየ አልነበረም። በ1827 ሳቫሪ የተባለ ፈረንሳዊ ከተመዘገቡት ልኬቶች ተነሥቶ በትልቁ ድብ ውስጥ ያለ አንድ ጥንድ በ60 ዓመት ገደማ እንደሚዞር የመጀመሪያውን ምሕዋር አሰላ። የምሕዋሩ ስፋትና የዙሩ ጊዜ ከታወቁ ደግሞ የከዋክብቱን ክብደት ማስላት ይቻላል። ሰው ኮከብን የመዘነው በዚህ ሚዛን ነው።

እንግዲህ አስተውሉ! የካስተርን መዞር ያየው የማን ዓይን ነው? የብራድሌይ አይደለም፤ እሱ ከማለፉ በፊት ለውጥ አላየም። የኸርሸል ብቻም አይደለም፤ የሌላ ሰው ወረቀት አስፈልጎታል። ያየው መዝገቡ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ ምክር ብቻ ሳይሆን የአሠራር ዘዴ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ደግሞ የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ሙያ ነው። ቀን የሌለው ማስታወሻ ምን ያረጋል?

የትንሿን ቴሌስኮፕ ዋጋ ካሳዩት ሰዎች ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚማርከን ሸርበርን በርንሃም ነው። ይህ አሜሪካዊ ቀን ቀን በቺካጎ ፍርድ ቤት የችሎት ቃል በአጭር ጽሕፈት ይመዘግብ ነበር። ማታ ማታ ከቤቱ ጓሮ በ6 ኢንች ቴሌስኮፕ ሰማይን ያስሳል። በዘመኑ የነበረው አስተያየት በሰሜኑ ሰማይ የሚገኙት ጥንዶች ተለቅመው አልቀዋል የሚል ነበር። በርንሃም በ1873 በአንድ ጊዜ 81 አዳዲስ ጥንዶችን አወጣ፤ ከዚያም በመቶ የሚቆጠሩ ጨመረ። በ1906 ያሳተመው ጠቅላላ መዝገብ 13,665 ጥንዶችን የያዘ ነው። ችሎት ላይ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የመጻፍ ልምድ ሰማይ ላይም ሳይጠቅመው አልቀረም ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ፎቶግራፍ የመጣው በመካከሉ ነው። በ1857 በአሜሪካ የሃርቫርድ ተመልካቹ ጆርጅ ቦንድ የሚዛርን ጥንድ በመስተዋት ላይ አነሣና ርቀቱን ከምስሉ ላይ ለካ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ዓይን ያየውን ተናግሮ ያልፋል፣ ምስሉ ግን ሌላ ሰው መልሶ እንዲለካው ይቆያል። ዛሬ ይህን በትንሽ ቴሌስኮፕና በተራ ካሜራ መሥራት ይቻላል። ችግሩ አየሩ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚርገበገበው የሌሊቱም አየር ኮከቡን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ በሴኮንድ ሽርፍራፊ የሚነሡ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሣሉ፤ አየሩ ለቅጽበት ረጋ ያለባቸው ተመርጠው ይደራረባሉ፤ የቀሩት ይጣላሉ። አቅጣጫውን ለማወቅ ቴሌስኮፑን ሳያንቀሳቅሱ ኮከቡን መልቀቅ ይበቃል፤ ምድር ስትዞር እሱ ራሱ ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ ምዕራብ የት እንደሆነ ያሳያል። የመሣሪያውን አቅም በተመለከተ ዶውስ የተባለው እንግሊዛዊ የነገረ ሰማይ ወዳጅ ያቆመው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ 116ን በሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ማካፈል ነው። የ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 2 ሴኮንድ የሚጠጉ እኩል ከዋክብትን ይለያል።

«ይህ ሁሉ አልፎበታል፤ ጋያ የምትባለው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2013 ወጥታ ከቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ለክታ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ጋያ ሥራዋን በ2025 ጨርሳለች፤ እጅግ ደማቅ የሆኑት ከዋክብትም ለእሷ አስቸጋሪ ነበሩ። በመቶ ዓመታት የሚዞር ጥንድ ደግሞ በአንድ መንኮራኩር ዕድሜ ተለክቶ አያልቅም። በዋሽንግተን የሚጠበቀው የጥንድ ከዋክብት መዝገብ ዛሬም የአማተሮችን ልኬት ይቀበላል።

እዚህ ላይ የእኛ ሰማይ ጉዳይ ይነሣል። በ1689 ዣን ሪሾ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ከደቡብ ሕንድ ከፖንዲሼሪ ጅራታም ኮከብ ሲመለከት፣ የደቡቧ ደማቅ ኮከብ አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኗን አገኘ። ፖንዲሼሪ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ9። እንዲህ ባለ ስፍራ በግንቦት፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሚዛር በሰሜን፣ አልፋ ሴንታውሪ በደቡብ ባንድነት ይታያሉ። ለንደን ያለ ሰው ሁለተኛዋን ከደጁ አያያትም። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች መተከላቸው ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ እነሱን መጠበቅ ግዴታ አይደለም።

በዚያው ምሽት ወደ አናታችን የምትጠጋ፣ በሰንቡላ ውስጥ ያለች ፖሪማ የምትባል ጥንድ አለች። በ1718 ብራድሌይ መዘገባት። በ1836 ሁለቱ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ለነበረው ለጆን ኸርሸል፣ ለዊልያም ልጅ፣ አንድ ኮከብ ሆና ታየችው። ዙሩ 169 ዓመት ነውና በ2005 እንደገና ተጠጋጉ፤ የ1836ቱን ካዩት ሰዎች ያን ጊዜ በሕይወት የነበረ አልነበረም። አሁን ርቀታቸው ከ3 ሴኮንድ በልጦ ለትንሿ ቴሌስኮፕ ተመችተዋል፤ ገናም እየተራራቁ ነው።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ወይም መዋስ የሚችል ቢኖር፣ አንድ የጋራ ደብተር እንክፈት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ የፖሪማን ርቀትና አቅጣጫ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሌንሱን ስፋትና የተመልካቹን ስም እንጻፍበት። እኛ ተመርቀን ስንወጣ ደብተሩ እዚሁ ይቅር፤ የሚቀጥሉት ተማሪዎች ከኛ ገጽ ሥር ይጽፋሉ።