መረብ የማይጣልበት ሐይቅ

በሐዋታና በመፋዛ አካባቢ የሚያልፈውን ራሃድን በበጋ ያየ ሰው፣ ይኸው ወንዝ በክረምት ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ እንደሚወርድ ለማመን ይቸገራል። ውኃው ተቋርጦ የሚቀረው በአሸዋው መካከል እዚህም እዚያም የተጠራቀመ ኩሬ ብቻ ነው፤ ዓሣውም ከነሕይወቱ ወደዚያው ይሰበሰባል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ያየው ይህንኑ ነበር። ጉማሬው፣ አዞው፣ ኤሊውና ትልልቁ ዓሣ በጠባብ ኩሬዎች ተፋፍገው አገኛቸው። ጁን 23 ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም ድምፅ ሰፈሩን ቀሰቀሰው፤ በማግሥቱ ጠዋት በደረቁ አሸዋ ፋንታ ታላቅ ወንዝ ይወርድ ነበር። ከደጋው የዘነበው የሐበሻ ዝናብ መድረሱ ነው።

ራሃድ በላይኛው፣ በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ ይባላል። በመተማ አቅጣጫ በዚሁ ወንዝ ዳር በተደረገ የመሬት ቁፋሮ የተገኘው የጥንት ሰዎች ሰፈር ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 በ«ኔቸር» መጽሔት ወጥቷል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ቅንጣቶች አግኝቷል፤ እነዚህም የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በሱማትራ ከፈነዳው ከቶባ ተራራ የመጡ ናቸው። ከፍንዳታው በኋላ አካባቢው ይበልጥ ሲደርቅ፣ በሰፈሩ የተገኘው የዓሣ አጥንት ብዛት ጨመረ። ሰዎቹ በእየቀኑ እያነሰ የሚሄደውን ኩሬ ዓሣ በልተው ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ኩሬ ያልፉ ነበር ሲሉ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ።

እንዲህ ባለው ኩሬ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ማውጣት ያን ያህል ጥፋት አይደለም። ኩሬው ከነአካቴው ቢደርቅ ዓሣው መሞቱ አይቀርም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ሌላ ያመጣል። አደጋው የሚመጣው ይህ የኩሬ ልማድ ጎርፍ አዲስ ዓሣ ወደማያመጣበት ውኃ ሲሻገር ነው። ጣና እንዲህ ያለ ውኃ ነው።

የጣና ነጭ ዓሣዎች ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሲሆኑ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣዎች ስለለያቸው፣ ቢያልቁ ከታች መጥቶ የሚተካቸው የለም። ለብዙ ዘመን የጠበቃቸው የአጥማጁ መሣሪያ አቅም ማነስ ነበር። ወይጦዎች በደንገል ታንኳቸው ከዳር ብዙም ሳይርቁ በአጭር መረብና በወጥመድ ያጠምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሆላንድ በመጣ የአብያተ ክርስቲያናት እርዳታ የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ገባ። ዓላማው በጎ ነበር፤ ለድኃው ሥራ፣ ለከተማው ምግብ ለማስገኘት የታሰበ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ 7ቱ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ፤ አጥማጁም ይህን ያውቃል። በወንዞቹ ላይ ደግሞ በተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1991 እና በ2001 የተደረጉትን የናሙና ጥመዳዎች ሲያነጻጽሩ፣ የአዋቂዎቹ ነጭ ዓሣዎች ክብደት ከመቶ 75 ያህል ቀንሶ አገኙት። የወጣቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ አሽቆልቁሎ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። አዋጅ ማውጣት አንድ ነገር ነው። የትኛው ደንብ ዓሣውንም አጥማጁንም ያድናል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የወንዝ አፍ ይዘጋ? የመረቡ ዓይን ይስፋ? የጀልባው ቁጥር ይወሰን? በሐይቁ ላይ እየሞከሩ መማር አይቻልም፤ አንዱ ሙከራ ቢሳሳት የሚከፈለው ዋጋ ዝርያው ራሱ ነው።

ለዚህ ችግር መላ የተገኘው ከዓሣ ሳይሆን ከዓሣ ነባሪ ክርክር ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገውን አደን እንዲቆም በ1982 ወስኖ፣ ውሳኔው በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። የኮሚሽኑ ሳይንቲስቶች ግን ስለ እንስሳቱ ቁጥር ሊስማሙ አልቻሉም። በመጨረሻ ስለ ቁጥሩ መከራከሩን ትተው፣ ቁጥሩ ባይታወቅም የማያሳስት ደንብ መፈለግ ጀመሩ። በእኔ ግምት ታላቁ እርምጃ ይህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ሐሳባዊ ባሕር ሠሩ። የእንስሳቱን እውነተኛ ቁጥር የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው፤ ደንቡ የሚያየው ስህተት ያለበትን ቆጠራ ነው። የቀድሞው አደን ከተመዘገበው እጥፍ ቢሆንስ? ድንገት በሽታ ቢገባስ? ባሕሩ የሚሸከመው ብዛት ቢቀንስስ? እያሉ አምስት ተፎካካሪ ደንቦችን በ100 ዓመት የሐሳብ ዘመን ደጋግመው ፈተኗቸው። የጀስቲን ኩክ ደንብ ተመረጠ፤ ኮሚሽኑም በ1994 ተቀበለው። የሚያስገርመው፣ ኮሚሽኑ እስካሁን በዚያ ደንብ የንግድ አደን ኮታ ሰጥቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ዘዴው «ማኔጅመንት ስትራተጂ ኢቫሉዌሽን» በሚለው ስም ወደ ዓሣዎችም ተሻግሮ፣ የደቡቡ ብሉፊን ቱና ኮታ ከ2011 ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ፈተና ባለፈ ደንብ ይወሰናል።

ይህን ለጣና ማድረግ ቢፈለግ፣ ሐሳባዊው ሐይቅ ከውጭ የተቀዳ ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያ ዝርያዎቹ አንድ ላይ ተደምረው «ነጭ ዓሣ» ተብለው ቢቆጠሩ፣ ወንዝ የሚወጣው እያለቀ በሐይቁ ውስጥ የሚራባው ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ ድምሩም ደህና ይመስላል። ሁለተኛ፣ ገበያው ከጾም ጋር ይወጣል ይወርዳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ እንደሚበዛ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ፍልሰታ ደግሞ የምትውለው ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ዓሣው ወደ ወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። የወንዝ አፍ በክረምት ይዘጋ የሚል ደንብ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ በሐሳባዊው ሐይቅ ላይ ግን ከአጥማጆቹ እኩሌታው ደንቡን ሳያከብር ሲቀር ምን እንደሚሆን መታየት አለበት። ከ2011 ጀምሮ በጣና የታየው እምቦጭ ዳሩን ሸፍኖ አጥማጁን ወደ ሌላ ቦታ መግፋቱም በስሌቱ መግባት ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት ግን በየወደቡ የወጣውን ዓሣ በየዝርያው ለይቶ የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ቆጠራው ምን ያህል እንደሚሳሳት ሊያስመስል ይችላል፤ ጭራሹን ያልተቆጠረውን ግን ከየትም አያመጣውም። በራሃድ ኩሬዎች በየበጋው የሚወጣው አምባዛና ቀረሶም እንዲሁ ነው፤ ከኩሬው ወደ ድስት፣ ቢተርፍ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በሰኔም ጎርፉ ይመጣና ኩሬው የነበረበትን ቦታ ይሸፍነዋል።